ለሽንት ቤት የቆፈርሁት ጉድጓድ

ቤት እየሠራሁ ነው ብላችሁ ለሰው አትናገሩ። ሠርግ አለብኝ በሉ፣ ክስ አለብኝ በሉ፣ ካስፈለገም ታምሜያለሁ በሉ፤ ቤት እየሠራሁ ነው ግን አትበሉ። ባሕር ዳር ውስጥ ቤት የሌለው ሰው ሞልቷል። የቤት አሠራር የማያውቅ ሰው ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ፀጉር አስተካካዬ ምላጩን ጆሮዬ ሥር አስቀምጦ ስለ ፌሮ ውፍረት አስተምሮኛል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ የኮርኒስ ከፍታ አሳይቶኛል። ኮርኒሱን አላየሁትም፤ እኔ የማየው ከፊት የሚመጣውን አይሱዙ ነበር።

ሁሉም መከረኝ። መሬቱ ሥር ምን እንዳለ ግን የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ምክንያቱም የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የከርሰ ምድር ውኃ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ሐይቅ ዳር ያለ መሬት ትንሽ ሲቆፍሩት ውኃ እንደሚያወጣ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳያለሁ። በፈተናም አወጣዋለሁ። ያልመለሰውን ተማሪ ደግሞ «ምን ስትሠራ ነው የከረምኸው?» እለዋለሁ።

ቦታው የደረሰኝ በመምህራን ማኅበር ነው፤ ሹም አቦ በኩል፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ። ሄጄ ያየሁት በጥር ነው። መሬቱ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እግር ሲረግጠው አቧራ ይላል። ደስ አለኝ። እናንተ ቦታ ለማየት በነሐሴ ሂዱ፤ በቦት ጫማ ሂዱ። በጥር የማያምር መሬት የለም።

ግንበኛችን ደሴ ይባላል፤ የዱርቤቴ ሰው ነው። ሙያውን አላማም፤ ቱምቢ ሳይጥል በዓይኑ ብቻ ግድግዳ የሚያቀና ነው። ነገር ግን አንድ አመል አለበት፤ «ችግር የለውም» ይላል። ቋንቋውን ለመማር ወራት ፈጀብኝ። በሩ አልጠበበም ወይ ብዬ ስጠይቀው «ችግር የለውም» ካለኝ፣ በሩ ጠቧል ማለት ነው። «ምንም ችግር የለውም» ካለኝ፣ ፈርሶ እንደገና ይሠራል ማለት ነው። «ኧረ መምህር፣ ምንም ምንም ችግር የለውም» ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የተቆፈረ ዕለት ነው።

በዚያን ጊዜ ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣ ልስኑም ሊያልቅ ነው። የቀረን ሽንት ቤቱ ነው። ጊዜ ደግሞ የለንም። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ለሙሽሮቹ ቤቱን እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንድንለቅላቸው ጠይቀውናል። በትሕትና ነው የጠየቁን። በትሕትና መባረርን የመሰለ ክፉ ነገር የለም፤ መቆጣት እንኳ አይቻልም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ቁፋሮ ተጀመረ። ቆፋሪዎቹ የሰው ቁመት ያህል እንኳ ሳይወርዱ እግራቸው ራሰ። ደሴ ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አየና ያንን ቃሉን ተናገረ። በማግሥቱ ከክፍል በፊት ብቅ ብል ጉድጓዱ እስከ ግማሽ ሞልቷል። ያውም እንዴት ያለ ውኃ! ኩል የመሰለ፣ የራሴ ፊት ቁልጭ ብሎ የሚታይበት። ፊቴ ደስ አላለውም።

በባልዲ ቀዳን። በፓምፕ አስቀዳን። ሲነጋ ቦታው ላይ ነው። ደሴ ሌላ ጥግ እንሞክር አለ፤ ሞከርን፤ እዚያም ውኃ። ሦስተኛ ጥግ እንሞክር ሲለኝ አካፋውን ቀማሁት። ግቢዬ ወንፊት ሊሆን ነው እንዴ?

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ቧንቧ ደርቆ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ በዕድሜ ከእናቴ የሚበልጡ ሴት ናቸው፣ አንዲት ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። ለልብስ ማጠቢያ ያህል ብቀዳ አሉኝ። ይቅዱ አልሁ፤ ምን ልበል? በማግሥቱ ከምራታቸው ጋር መጡ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ከበሬ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። ለመጠጥ ካደረጋችሁት አፍሉት እያልሁ ሰልፈኛውን አስተምር ጀመር። አንድ ቀን ስብሰባ ይዞኝ አርፍጄ ብመጣ አንዲት የማላውቃት ሴት ገልመጥ አድርጋኝ፣ «ምነው ዛሬ ዘገየህ? ሰው እኮ ሥራ አለው!» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁ። በገዛ ግቢዬ፣ ቁልፌን በእጄ እንደያዝሁ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። የአንዱ ሰው ክንድ ላይ የነበረ ሽፍታ በዚህ ውኃ ታጥቦ ጠፋ ተባለ። ወሬው እየዞረ ሲመለስ ሽፍታው ቁስል ሆኗል፤ ሲደግም ደግሞ ክንዱ ራሱ ሽባ ነበረ። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ሰው ልኳቸው ነው። ጉድጓዱን ዞረው አዩ፤ ሰልፈኛው ጀሪካኑን አስቀምጦ ከበባቸው።

«ለምንድን ነው ያስቆፈርኸው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። «ለ... ለሽንት ቤት ነው፣ አባ።»

ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «ተጠቅመህበታል?» አሉኝ።

«ኧረ አባ! በፍጹም!»

«በል እንግዲያ ውኃ ነው፤ ይቅዱ። ጸበል ነው ያለህ ካለ ግን እኔ አላልሁም።» ይህን ብለው እጃቸውን ታጠቡና ሄዱ።

ጉድጓዱን ልድፈነው ብዬ ሐሳብ ባነሣ እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡብኝ። ውኃ የሚደፍን ሰው በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ይሆናል ብለው እንዳልጠበቁ ነገሩኝ። የከተማው ሠራተኛም መጥቶ አየና ውኃ በወጣበት ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ መቆፈር ክልክል መሆኑን፣ ያለ ሽንት ቤት ደግሞ የማጠናቀቂያ ወረቀት እንደማይሰጥ አስረዳኝ። እሳቸውም እሱም ልክ ናቸው። ልክ በሆኑ ሁለት ሰዎች መካከል እንደ መቆም የሚያናድድ ነገር አለ?

ጥቅምት አለቀ። ሽንት ቤት በሌለው አዲሱ ቤታችን ገባን። እኔ፣ ባለቤቴ የሺ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን። በየጠዋቱ ወደ እትዬ ዘነቡ ግቢ መመላለስ ጀመርን። የእሳቸው ግቢ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ስለሆነ የድሮ ሽንት ቤታቸው ምንም አልሆነም። ደግ ሴት ናቸው፤ አይከለክሉም። ግን ሰላምታ አያሳጥሩም። በራቸው ላይ ይጠብቁኛል። እንዴት አደርህ? ይመስገን። ልጆቹ እንዴት አደሩ? ይመስገን። እሷስ? ይመስገን። እናትህስ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ ከብቱ? ከብት የለኝም፤ ግን ይመስገን እላለሁ፤ አንድ እግሬን አንሥቼ ሌላውን እየጣልሁ። አንድ ቀን፣ «ምነው ዛሬ ትቸኩላለህ?» አሉኝ። «ይመስገን» ብዬ አለፍኋቸው።

የሺ ቀልዱ ያለቀባት ቀደም ብላ ነው። ትንሿ ልጃችን ትምህርት ቤት እስክትደርስ ድረስ ውኃ አልጠጣም ማለት ጀመረች። የዚያን ዕለት የሺ ልብስ እያጣጠፈች ቀና ሳትል፣ «ለሰፈሩ ውኃ አወጣህለት፤ ተመስገን። ለእኔ ልጆች ሽንት ቤት ካላወጣህ ግን እናቴ ቤት እወስዳቸዋለሁ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽ በተሻለኝ። ሻንጣው ግን አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። እኔም ወጥቼ የብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጥሁ። ይህን ያህል ዓመት ተምሬ፣ ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ፣ ልጄ ውኃ የምትፈራበት ቤት ሠራሁ።

በሮቻችንን የሚሠሩልን ጋሽ ሰይድ የተባሉ አናጢ ናቸው። የደልጊ ሰው ናቸው፤ አባታቸውም እሳቸውም ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ። ዝምተኛ ስለሆኑ በዚያ ሁሉ ወራት ምክር ያልሰጡኝ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸው። የዚያን ዕለት መላጊያቸውን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

«መምህር፣ አንተ ውኃውን ከመሬቱ ውጣ እያልህ ትታገላለህ» አሉኝ። «እኛ ሐይቅ ዳር የተወለድን ውኃን ውጣ አንለውም። ላዩ ላይ እንቀመጣለን።»

ተናድጄ ነበርና፣ «ታዲያ ሽንት ቤቱን ጀልባ ላይ ልሥራው?» አልኋቸው።

አልተቀየሙም፤ ሳቁ። «እንደሱ ነው። ጀልባ ውኃ እንዳይገባበት ነው የሚደፈነው። ያንተ እንዳይወጣበት ይደፈን። ከመሬት በላይ የኮንክሪት ሣጥን አቁም፤ ቤቱን ከላይ አድርገው። ሲሞላ የፍሳሽ መኪና ይመጥጠዋል።»

ደሴ የልስኑን ቅሪት ከሚጨርስበት መወጣጫ ላይ ሆኖ ሰምቶ፣ «ችግር የለውም!» ሲል ልቤ ስንጥቅ አለ። ጋሽ ሰይድ ግን ይህን ቋንቋ አያውቁትም። ሣጥኑ ተሠርቶ ሲደርቅ ውኃ አስሞሉትና ዙሪያውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩ። አንዲት ጠብታ አገኙ። ልስኑን አስፈርሰው እንደገና አስለሰኑ። እንደገና ሞሉት፤ እንደገና አገኙ። ደሴ ይህች እንኳ ላብ ናት ብሎ ሲከራከር፣ «ሐይቅ መሐል ቢሆን ይህች ላብ ታሰምጥህ ነበር» አሉት። በሦስተኛው ሣጥኑ ሦስት ቀን ተሞልቶ ደረቅ ሆኖ ቆመ። ከዚያ በኋላ ደሴ «ችግር የለውም» ከማለቱ በፊት በእጁ መዳበስ ጀምሯል። ጉድጓዱንም ጋሽ ሰይድ የእንጨት ክዳን ገጥመውለት ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይቀዳበታል።

ሽንት ቤቱ እንግዲህ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። አሥራ ሦስት ደረጃ ይወጣል። በሰፈራችን ከእሱ የሚበልጥ የስልክ እንጨት ብቻ ነው። ሰው የጥበቃ ማማ ይለዋል። በኪራይ ቤታችን ሳለሁ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ማንም አያየኝም ነበር፤ አሁን ደረጃውን ስጀምር ከሦስት ግቢ ሰላምታ ይመጣል። «መምህር፣ ወጣህ?» ይሉኛል። አዎ፣ ወጣሁ።

ለማጠናቀቂያው ወረቀት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ተላከች። ቤቱን ለካች፣ ሣጥኑን በብዕሯ ኳ ኳ አደረገች፣ ደረጃውን ቆጠረች። ከዚያ ወጥታ ገባችና በሩን ዘጋችው። እኛ ከታች ቆመን ጠበቅን፤ እኔ፣ የሺ፣ ደሴ። ቆየች። ደሴ ላብ አጠመቀው። የሺ ክንዴን ያዘችኝ። ስንጥቅ አገኘች ብዬ ደመደምሁ፤ አገኘች፤ ይፍረስ ልትል ነው።

በሩ ተከፈተ። «መምህር» አለች፣ «በዚህች መስኮት ጣና ይታያል እኮ!»

ፈርማ ሄደች። እኔ ሮጬ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን ስወጣ ዓይኔ እግሬ ላይ ነበር። ጋሽ ሰይድ ለአየር ብለው በቀደዷት በዚያች ትንሽ መስኮት፣ ከቆርቆሮው ሁሉ በላይ፣ ከዘንባባዎቹ ጫፍ ወዲያ፣ ሐይቁ ተዘርግቷል። አንዲት ታንኳ ቀስ እያለች ታልፋለች። አላፍርም፤ እንባዬ መጣ። የሺ ከታች «ምን ሆንህ?» ብትል «ነይና እዪ» አልኋት። መጥታ አየች። ስትወርድ ቀጥታ መኝታ ቤት ገብታ ተከፍቶ የከረመውን ሻንጣ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው።

አሁን ችግሬ ሳሎኑ ነው። ሳሎናችን ያምራል፤ ሶፋው አዲስ ነው፣ መጋረጃው የተሰፋው የሺ በመረጠችው ጨርቅ ነው። እንግዳ ሲመጣ እዚያ እናስቀምጠዋለን። ትንሽ ይቆይና ጎሮሮውን ጠርጎ፣ እጄን ልታጠብ ነበር ይላል። ሄዶ ይቀራል። ምን ሆነ ብሎ ሊያየው የሄደውም ይቀራል። ዛሬ እሑድ ነው፤ የየሺ ዘመዶች ሰባት ሆነው መጥተዋል። ሶፋው ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል። አማቴ ከላይ ሆነው፣ «አንዴ ጠብቁ፣ ጀልባዋ ትለፍ!» ይላሉ።

ስለዚህ ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ሳሎን ላይ አትጨርሱት። ሌላም የምነግራችሁ ነበረኝ፤ ግን ይህንንም የጻፍሁላችሁ ተራዬ እስኪደርስ ነው፤ አማቴም ከሁሉም በኋላ ወርደው መጡ፣ ልሂድ።