መጨረሻውን ቀድሞ የሚነግረው ኤርካሎ

በየከተማው፣ ፊልም ሳይጀመር መጨረሻውን የሚነግር ሰው አይጠፋም። ሶዶ ላይ ይህ ሹመት የክቡር ኤርካሎ ነው። ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ዛሬ ሞባይል ይጠግናል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «አሁን ይሞታል»፣ «አሁን ትከዳዋለች» እየተባለ ነው ፊልም የሚያየው። ወዳጁ መምህር ቦጋለ ይህን ሃያ ዓመት ችሎታል።

ከሁሉ የሚብሰው ከካራቴ ካሴቶች ጋር በስህተት የመጣ አንድ አሮጌ ፊልም ነው። ሽጉጥ የለው፣ ፍቅር የለው። ጸጉራቸውን ያሳደጉ ቀጫጭን ልጆች ጎማ ባለው ጣውላ ላይ ቆመው ውሃ የሌለው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ፣ ይወድቃሉ፤ ክርናቸው እየደማ ይስቃሉ። መሃል ላይ አንድ ውሻ ያለ ምንም ምክንያት ያልፋል። መጀመሪያ ያሳየው ቀን ደንበኞች አግዳሚውን ሊሰብሩበት ነበር። እሱ ግን ወደ ፍላሽ አስገልብጦ ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ሳይቀር ያሳያል። «ታሪክ የለውም፤ ደስ የሚለውም ለዚያ ነው» ይላል።

ባለፈው ክረምት የቦጋለ እግር በስኳር በሽታው ምክንያት ጠቆረ። ሆስፒታል አስተኙት።

«መምህር፣ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ መርዙ ደምዎ ውስጥ ይገባል» አለችው ዶክተር ማኅሌት። «ቢበዛ ሦስት ቀን ነው ያለን።»

አልፈርምም አለ። ሚስቱ ዓመለወርቅ አለቀሰች፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሠላሳ ዓመት ቆሞ ያስተማረ ሰው ተቀምጦ ምን ሊሆን ነው?

በማግስቱ ኤርካሎ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። የትኛውን ፊልም እንደያዘ መጠየቅ አላስፈለገም።

«እግሩ ሊቆረጥ ነው ለተባለ ሰው ይህን ታሳያለህ?» አለ ቦጋለ።

«ገና አልተቆረጠም እኮ» አለና ከፈተው።

ክፍሉ ውስጥ የተኛው በሽተኛ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ዳሌው የተሰበረ አንድ ገበሬ ልጆቹ በወደቁ ቁጥር እየሳቀ «ወይኔ ዳሌዬን» ይላል። ውሻው ሲያልፍ ቦጋለም ሳቅ አመለጠው። ወዲያው ግን ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ኤርካሎ፣ አንተ ሁሉን ቀድመህ ታውቃለህ። ከቆረጡኝ በኋላ እንዴት ነው የምሆነው?»

ኤርካሎ ፊልሙን አቆመው። «እሱን አላየሁትም።»

«ካልቆረጡኝስ?»

«እሱን አይቻለሁ። ወንድሜ ዳናም አልቆረጥም ብሎ ነበር። በአምስተኛው ቀን ዱቦ ወስደን ቀበርነው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያወራ ይህን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ቦጋለ ላፕቶፑን በእጁ ከደነው። ከዚያ «ዶክተሯን ጥሩልኝ» አለ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኤርካሎ ሁለት ቀን ጠፋ። ቦጋለ ቁስሉ ሲያንገበግበው «ለወሬ ሲሆን ማንም አይቀድመውም» እያለ አማረረ።

«አትማው» አለች ዓመለወርቅ። «እግርህን ቅበሩ ብለው ሲሰጡን እኔ መንካት አቃተኝ። እሱ በነጠላ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ አደረገው። የሚኒባሱ ሾፌር ከኋላ ይጫን ቢለው፣ እምቢ ብሎ እስከ አገርህ ቦዲቲ ድረስ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ሄደ። በአባትህ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ ብቻውን ቆፍሮ ቀበረው። ዝናቡ እየመታው ብዙ ሰዓት እዚያው ተቀምጦ ነበር አሉ።»

በሦስተኛው ቀን መጣ። ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ስለ መንገዱ አወራ፣ ስለ ባጃጅ ሰልፍ አወራ፤ ስለ ጓሮው ትንፍሽ አላለም። ወንበር ፍለጋ ዞር ዞር ሲል ቦጋለ ብርድ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ አልጋውን በእጁ መታ መታ አደረገለት። እግሩ በነበረበት በኩል ሰፊ ቦታ ነበር። ኤርካሎ ትንሽ አመነታና እዚያ ተቀመጠ።