ጋሽ ካሣና የኖርዌይ ጆንያ

ስደተኛ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ከሰፈሩ ወጥቶ የማያውቅ ግን የዓለምን አገር ሁሉ ጠባይ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ካናዳ የሚኖር ዘመድ ሲደውል ስለ ካናዳ የሚያስረዳው እሱ ነው። የአውስትራሊያ ቪዛው በእጁ የገባ ሰው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት እሱ ዘንድ ቀርቦ አውስትራሊያ ምን ዓይነት አገር እንደሆነች መስማት አለበት። ዳኝነቱን ማን እንደሰጠው የሚጠይቅ የለም።

የእኛው፣ ሱዳን ውስጥ የገዳሪፉ፣ ጋሽ ካሣ ናቸው። ክቡር ካሣ፣ የአምስቱ አህጉር ሊቅ፣ የቪዛና የአየር ጠባይ ዋና አማካሪ። በመተማ በኩል በእግራቸው ተሻግረው ገዳሪፍ ከገቡ ወዲህ የሄዱበት ሩቅ አገር ከሰላ ነው። እሱንም ለለቅሶ ነበር፤ በማግስቱ ተመልሰዋል።

የሚተዳደሩት በእህል ገበያው ውስጥ ሰሊጥ በመፈተሽ ነው። ሥራውን ላላየ ሰው ላስረዳ። ሰሊጥ ሻጭ፣ የቱንም ያህል ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ቢሆን፣ ጥሩ ጥሩውን ከጆንያው አፍ ላይ ያደርጋል። ጋሽ ካሣ ደግሞ ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አላቸው። ጆንያውን ከጎኑ መሀል ላይ ይወጉታል፤ ከመሀል የወጣውን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ያሸቱታል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ይቆረጥሙና ፍርድ ይሰጣሉ። ነጋዴዎቹ ካሣ የወጋው ጆንያ ክርክር የለበትም ይላሉ። በሰሊጥ ነገር እውነትም ሊቅ ናቸው። የእኛ መከራ በሰሊጥ ብቻ አለመወሰናቸው ነው።

ከገበያው በር ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ኡምሰልማ የምትባል ሱዳናዊት ሻይ ትሸጣለች። ከቀትር በኋላ ገበያው ሲበርድ ጋሽ ካሣ እዚያ በርጩማ ስበው ጉባኤ ይከፍታሉ። እሳቸው ዘንድ እያንዳንዱ አገር አንድ ጉድለትና አንድ ምስክር አለው። ስዊድን ጎረቤት ለጎረቤት ሰላም አይባባልም፤ ምስክሯ የአንድ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ እህት ናት። ጀርመን ቆሻሻህን በአራት ቦታ ካልለየህ ፖሊስ ይመጣል፤ ምስክሩ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው። ንግግራቸውን ሁልጊዜ የሚያሳርጉት "እኔን አትስሙኝ፤ ግን ስሙኝ" በማለት ነው። ያሉት ሲደርስ "አላልሁም?" ይላሉ። ያሉት ሳይደርስ ሲቀርም "አላልሁም?" ይላሉ። ክንፉ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ግብፅ ልሂድ ወይ ብሎ ሲያማክራቸው ሂድ፣ ትከበራለህ ብለው መርቀው ሸኙት። በአራተኛው ወር ከስቶ፣ ጠቁሮ ተመለሰ። ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ አገኙትና "አላልሁም?" አሉት። ልጁ እስከ ዛሬ ሲያወራው ይገርመዋል።

በፈረንጆች 2009 ተራው የኔ ሆነ።

እናቴ ፋናዬ ድንበሩን የተሻገረችው እኔን በጀርባዋ አዝላ ነው። ያደግሁት ገዳሪፍ፣ የተማርኩት በዓረብኛ፣ የተመረቅሁት በእርሻ ትምህርት ነው። ሰሊጥ ለምን በማሳው ላይ እንዳለ እንደሚታመም ማጥናት ስለፈለግሁ በኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ላልደረስኩበት አገር ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ ከረምኩ። በመጨረሻ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ቦታ ወጪዬን ችለው ተቀበሉኝ፤ አንዱ ኖርዌይ፣ አንዱ ህንድ። የኖርዌዩ ደብዳቤ ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ስምንት ገጽ ሲሆን፣ ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ሣር ላይ ተቀምጠው የሚስቁ ተማሪዎች አሉ። የህንዱ ወረቀቱ ስስ ነው፤ ማኅተሙም ተዘቅዝቆ ተመቷል። ልቤ ወዴት እንዳዘነበለ መናገር አያሻም።

ግን ፈርቼ ነበር። ፓስፖርት ያለው ሰው ቢሳሳት አገሩ ተመልሶ ሌላ ዓመት ይሞክራል። እኔ የነበረኝ የስደተኛ የጉዞ ወረቀት ነው፤ በእሱ አንዴ ከወጡ በኋላ ሀሳቤን ቀየርኩ ብሎ ነገር የለም። መልስ ለመስጠት ሃያ ቀን ቀርቶኛል፤ አንዱን ስቀበል ሌላው ይዘጋል። ስለዚህ ነገሩን ከጋሽ ካሣ ልደብቅ ወሰንኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ለእትዬ በለጡ ነገረቻት። እትዬ በለጡ የጋሽ ካሣ ባለቤት ናት። ሰኞ ጠዋት ተጠራሁ።

ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ኖርዌይ። ማስረጃቸው ኖርዌይ ውስጥ ውኃ ከቧንቧው ቀዝቅዞ ስለሚወጣ በረዶ የሚገዛ ሰው አለመኖሩ ነው። ገዳሪፍ በሚያዝያ ወር ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ማስረጃ አይደለም። ህንድን ግን በአንድ ክስ ጣሏት።

"ላም መንገድ ላይ ትተኛለች፤ ማንም ንክች አያደርጋትም" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አንች ፈተናሽ ሊያልፍሽ ነው፤ ላሚቱ ተኝታለች። ምን ልትሆኝ ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። በጠዋት ቤት ይመጣሉ፣ የተሳፈርኩበትን ባለሦስት እግር ረክሻ መንገድ ላይ ያስቆማሉ፣ ኢንተርኔት ቤት ከኋላዬ ቆመው የሚያዩትን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ጮክ ብለው ይቆጥሩልኛል። የቤቱን ባለቤት በዓረብኛ ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁት፤ ማሌዥያ አለ፣ ተጣሉ። ይህ ሁሉ ሳያንስ አንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሐዘንተኞቹ ገና ፊታቸው ሳይደርቅ፣ ጉዳዬን አንስተው እጅ አስወጡ። ኖርዌይ በአሥራ አንድ ለአራት አሸነፈች። የሟች ወንድም ሳይቀር እጁን አውጥቷል።

የሚያናድደው ደግሞ እኔም ኖርዌይን መርጬ መጨረሴ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ጥርሴን ነክሼ ስጨቃጨቅ የከረምኩት ከሚስማማኝ ሰው ጋር ነው። ግን ጋሽ ካሣ ሲደግፉት የራሴ ሀሳብ እንኳ ያስጠላኛል።

መልስ ልሰጥ ስምንት ቀን ሲቀረኝ ኡምሰልማ ጋ አገኙኝ። ሰው ሰብሰብ ብሏል። ስለ ላሚቱ እንደገና ሲጀምሩ ደሜ ፈላ።

"ጋሽ ካሣ፣ እርስዎ ጆንያውን መሀሉን ሳይወጉ ያስገዛሉ?" አልኳቸው።

"እንዴት ተደርጎ!"

"እና ኖርዌይን የቱ ጋ ወጉት?"

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፣ ተነሱ፣ ብረታቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ። ኡምሰልማ አማርኛ አትሰማም፤ ቢሆንም የተረፈውን ሻያቸውን አየችና እኔን ገላመጠችኝ። ቤቴ እስክደርስ ድል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ቤት ስገባ አፈርኩ። አባቴ ድንበር ሳይሻገር ነው የሞተው፤ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡኝ መስኮቱ ላይ የተሰለፉልኝ ጋሽ ካሣ ናቸው።

በማግስቱ እትዬ በለጡ መጣች። ካሣ ደብዳቤዎቹን በዓይኑ ሊያያቸው ፈልጓል፣ ማታውን ይመልሳል አለችኝ። እንግሊዝኛ እንደማያነቡ ሁላችን እናውቃለን፤ ግን ጥፋቴ ስላሳፈረኝ ሁለቱንም ሰጠኋት። ማታ አልመጡም። በማግስቱም የሉም። ገበያ ብሄድ ነጋዴዎቹ ያልተወጋ ጆንያ ደርድረው ቁጭ ብለዋል፤ የኡምሰልማ በርጩማም ባዶ ነው። እትዬ በለጡን ሳፋጥጣት ፋው የምትባል ከተማ ሄዷል አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ ሳይነግራት ነው በሌሊት አውቶቡስ ተራ የወጣው። ከከሰላው ለቅሶ ወዲህ አውቶቡስ የረገጡት ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ደብዳቤዎቼ የቱ እርሻ ውስጥ በነፋስ እንደተበተኑ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለኔ ሆኖ ነው ወይስ ለእሳቸው እያልኩ እበሳጫለሁ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት አቧራ ለብሰው ቤታችን ገቡ። ደብዳቤዎቹን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ነው የያዟቸው። ውኃ ጠጡ፤ ጉባኤ አልከፈቱም፤ እናቴንም ስለ ጤናዋ ብቻ ጠየቋት። ፋው የሄዱት ሱለይማን ዘንድ ነበር። ሱለይማን ከእሳቸው ጋር በእግር የተሻገረ ሰው ነው፤ እዚያ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጠው ሁለቱንም ደብዳቤ በአማርኛ አስነብበውታል።

"ከላይ ሊጀምርልኝ ሲል እምቢ አልሁት" አሉኝ። "ከላይ ያለውን ሻጩ ነው ያስቀመጠው። ከመሀል ጀምር አልሁት። በይ አምስተኛውን ገጽ ግለጭ።"

የኖርዌዩን ገለጥኩ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው። ተማሪው በሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጥናቱን በዜግነት አገሩ ሄዶ ያካሂዳል፤ ከመሄዱ በፊትም የአገሩ መንግሥት የሰጠውን የፈቃድ ደብዳቤ ያቀርባል፤ ይህን ያላቀረበ ትምህርቱ ይቋረጣል ይላል።

"ሱለይማን እንኳ አንብቦት ሊያልፍ ነበር። ቁም አልሁት" አሉ። ከዚያ እንደ ገበያ ሳይሆን እንደ አባት አዩኝ። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ያንችን ደብዳቤ የሚጽፈው የማን መክተብ፣ የማን ቢሮ ነው?"

የሱዳን ዜጋ አይደለሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ስሜ የተጻፈበት አንድ ቀበሌ የለም። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው የመጀመሪያውን ገጽና ፊርማ ያለበትን የመጨረሻውን ገጽ አንብቤ፣ መሀሉን እንዳለ ዘልዬዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት በረዶ መሀል ወረቀት አጥቼ ልቆም ነበር። ሃያ አራት ዓመት የቢሮ መስኮት ላይ የተሰለፈ ሰው ግን የትኛው ወረቀት እንደማይሰጥ አሽትቶ ያውቃል።

"የህንዱንም ወጋነው" አሉ። "ወላሂ ንጹሕ ነው። ሁለቱም ዓመት እዚያው ነው፤ ዜግነት ብሎ የሚጠይቅ ቃል የለበትም። ሰሊጥም ይዘራሉ።" የህንዱን ደብዳቤ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ "ከላስ፣ በቃ፣ ህንድ ሂጂ" አሉኝ።

ለቅሶ ቤት ሳይቀር ለኖርዌይ እጅ ያስወጣ ሰው ነው እንግዲህ ይህን የሚናገረው። ተሳስቻለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ የወጣ ዕለት ገዳሪፍ ላይ በረዶ ይጥላል። እኔም አልጠብቅም ነበር፤ ግን ክፋቴ አልተወኝም።

"ላሚቱስ?" አልኳቸው።

ጋሽ ካሣ ብረታቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ከተኛች፣ ዙሪያት" አሉኝ።

ያን ቀን ማታውን ለህንድ እሺ ብዬ ጻፍኩ። ሲሸኙኝ ያን የሚወዱትን ብረት ለመታሰቢያ ሰጡኝ፤ ካርቱም አየር ማረፊያ ያለው ፈታሽ እንደ ጦር መሣሪያ አይቶ ወሰደብኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ህንድ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ትምህርት ክፍሌ ስሄድ በሩ ላይ አንዲት ግራጫ ላም ከዳር እስከ ዳር ተጋድማ አገኘሁ። ተማሪዎቹ ይዞሯታል። እኔ ግን ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም ያን የሚያናድድ ሰውዬ እንደዚህ እናፍቃለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። ዞሬያት ገባሁና፣ እረፍት ስናደርግ ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። ኡምሰልማ ጋ ናቸው፤ የብርጭቆው ድምፅ ይሰማኛል።

"ጋሽ ካሣ፣ ላሚቱ በሩ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ዞርኳት።"

ስልኩን ከጆሯቸው ሳያርቁ ወደ ጉባኤው ዞረው ሲጮኹ ሰማኋቸው።

"ሰማችሁ? አላልሁም?"

"ብለውኛል፣ ጋሽ ካሣ" አልኳቸው።