በረኛዋ ግመል

ቢራ የማይሸጥበት ባር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ግድግዳውንም የሳልኩት እኔው ነኝ። ሐርጌሳ ውስጥ ቢራ የለም፤ ድራፍት የለም፤ "አንድ ብቻ ጠጥተን እንሂድ" የሚባል ነገር የለም። ጁሃር ግን "ስፖርት ጌም ባር" ካልተባለ ሞቼ ነው የምገኘው አለ። የማንጎ ጭማቂና የወተት ሻይ ይዞ!

ጁሃር የድሬዳዋ ልጅ ነው። የድሬ ልጅ ደግሞ ምንም ነገር አይከብደውም። ሚስቱ የሐርጌሳ ተወላጅ ናት። አባቷ ሐጂ ኢስማኢል፣ 26 ጁን ሰፈር ካለው ቤታቸው የመንገድ ዳሩን ክፍል ሰጡት። ሲሰጡት ግን አንድ ነገር አስረግጠው ነገሩት። በዚህ በር የማፍርበት ሰው ሲገባ ካየሁ፣ በማግስቱ ክፍሉ የሩዝ መጋዘን ይሆናል አሉት። እሺ አለ። የጭነት መኪና ሾፌርነቱን ለቀቀና ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ፑልና አንድ ጆተኒ አስገባ። ጉዱን አያችሁ? ጆተኒ ቤት ከፍቶ የተከበረ ሰው ሊጠብቅ!

እኔ ጌታቸው እባላለሁ፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። እዚሁ ሐርጌሳ፣ አያሃ በሚባለው ሰፈር የሚሠሩትን ቤቶች ስቀባ አምስት ዓመት ሆነኝ። ግን አገሬ ሳለሁ ሦስት ወር ግራፊክስ ተምሬያለሁ። ሰርተፊኬቱም አለኝ፤ አሳየን የሚለኝ ሰው ነው የጠፋው። እና ጁሃር መጥቶ "ጌች፣ ብራንድ አይደንቲቲ ሥራልኝ" ሲለኝ እንባዬ መጣ። አልዋሻችሁም። ቀለም ቀቢ ሆኜ መቅረቱን እንዴት እንደምፈራው እሱ የት ያውቃል!

ነገሩ ምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም በቅጡ አናውቅም ነበር። እሱ ከኢንተርኔት እንዳነበበው ሎጎ አለው፣ ከለር አለው፣ የቤቱ መለያ የሚሆን ማስኮት የሚባል እንስሳም አለው። ከለሩ ላይ ሁለት ቀን ተጣላን። እሱ የሚደግፈው ቡድን ቀይ ይለብሳል። እኔ ቀይ ለባሾቹን ከነጫማቸው አልወዳቸውም። በመጨረሻ ማናችንም በማንደግፈው በብርቱካናማ ታረቅን። ለማስኮቱ አንበሳ ይሁን አልኩ።

"አቦ ተወኝ! አንበሳ የሌለበት የሀበሻ ምግብ ቤት አለ እንዴ? ግመል አድርጋት" አለኝ። "በረኛ ግመል። ጓንት ያጠለቀች።"

አንገቷ ረጅም ስለሆነ የትኛውም ኳስ አያመልጣትም ማለት ነው። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ግሩም ነበር። ችግሩ፣ ደብረ ማርቆስ ግመል የለም። በቅሎ በሉኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እስልላችኋለሁ። ግመል ግን ጉልበቷ ስንት ቦታ እንደሚታጠፍ እንኳ አላውቅም።

ደብተሬን ይዤ ከብት ገበያ ወረድኩ። አንዷን መረጥኩና ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሳልኳት። የተቀደደ ግራ ጆሮዋን፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት፣ ሁሉንም። አንገቷ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ነገር ነበር፤ ሁለት ሰያፍ መስመርና አንድ ክብ። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ክቡ ኳሷ፣ መስመሮቹ ፍጥነቷ። ሦስት ወር ሙሉ ስማር ያላገኘሁት ሎጎ ግመል አንገት ላይ ቆሞ ያመሰኳል።

ሰረቅኩት። ምን ላድርግ? ለጁሃር ግን ሦስት ቀን አስቤ ከራሴ ያፈለቅኩት ነው አልኩት። ክሪኤቲቪቲ ይባላል አልኩት። ግድግዳው ላይ ከነግመሏ፣ በሩ ላይ፣ ብርጭቆው ላይ፣ ቲሸርቱ ላይ ሳይቀር አሳረፍነው።

ቤቱ በተከፈተ በማግስቱ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ መጥተው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ሄዱና ከሰዓት በኋላ አራት ሆነው ተመለሱ። ጁሃር ሊያነጋግራቸው ወጣ። ሲገባ ፊቱ ኖራ መስሏል።

"ጌች፣ ይሄ ምልክት እኮ ባለቤት አለው! ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ግመላቸውን ሁሉ የሚተኩሱት በዚህ ነው። ወይ የኛ ሰው ናችሁ፣ ወይ ሌባ ናችሁ፣ የትኛው ናችሁ? ይሉኛል። ወላሂ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከራሴ ነው አላልከኝም?"

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ መች አጎነበስኩ! ሦስት ሜትር አድርጌ ስዬ፣ ብርቱካናማ ማሊያ አልብሼ መንገድ ዳር አቆምኳት እንጂ።

ይባስ ብሎ ሐጂ ኢስማኢል ከላይ ወረዱ። ምልክቱን አንዴ አይተው የማን እንደሆነ አወቁ። በገዛ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሌላ ቤተሰብ ምልክት! የበሩን ስፋት በዓይናቸው ለኩ። ለሩዝ ጆንያ እንደሆነ ገባኝ። ጁሃርም ገብቶታል። ሥራውን ለቋል፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።

ስለዚህ ተናዘዝኩ። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ፣ ከራሴ አላመጣሁትም፣ ገበያ ካየኋት ግመል ነው የገለበጥኩት፣ ይኸው ብዬ ደብተሩን ዘረጋሁላቸው። ባለ ቀይ ጺሙ ሽማግሌ ተቀበሉኝ። ራቅ አደረጉት፤ ቀረብ አደረጉት። ጣታቸውን ጆሮዋ ላይ አሳረፉ።

"የተቀደደው ግራ ጆሮዋ ነው?" አሉኝ።

አዎ አልኩ።

"የት ነው ያየሃት?"

ለካ ግመሏ የእሳቸው ናት፤ ከጠፋች ወር አልፏታል! ልጆቻቸው እስከ ድንበር ድረስ ሲፈልጓት ነበር። እኔ ደግሞ ስገለብጥ አልሰስትም፤ የበረቱ አጥርና አጠገቧ የቆመው ደላላ ባርኔጣ ሳይቀር ደብተሩ ላይ አለ። ስልክ ተደወለ፤ ሰው ተላከ። በማግስቱ ግመሏን ከበረቱ አወጧት። ለውጭ ገበያ መርከብ ላይ ልትጫን ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ደላላው በቅን ልብ ነው የገዛኋት አለ። እሱን ሽማግሌዎቹ ይጨርሱት።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ነው ያደግነው፤ አይደል? ይህን ያለ ሰው የሐርጌሳን ከብት ገበያ አላየም። እኔ እውነተኛ ዲዛይነር ሆኜ ከራሴ አፍልቄ ቢሆን ኖሮ፣ ግመሏ ባሕር ተሻግራ ቀርታ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሊያመሰግኑ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው። ሻዩ ተስማማቸው መሰለኝ፣ በማግስቱም መጡ። አሁን ከአስር ሶላት በኋላ ጉዳያቸውን የሚመክሩት እዚያው ነው። ባለ ቀይ ጺሙ ጆተኒ ጀምረዋል፤ ጎል ሲገባባቸው ከጎረምሶቹ ጋር ይከራከራሉ። ሐጂ ኢስማኢልም የተከበረ ሰው በበራቸው ሲገባ ሲወጣ እያዩ ሩዙን ረስተውታል። ምልክቱ ላይ ግን ድርድር የለም ተባለ። የግድግዳዋ ግመል ትቆይ፣ አንገቷ ይጽዳ።

እና አዲስ ሎጎ ያስፈልጋል። ይሄኔ እኔም ቆረጥኩ። ስርቆት በቃኝ፤ አሁን በእውነት አስቤ፣ ተጨንቄ፣ የራሴን እፈጥራለሁ አልኩት ጁሃርን። ጁሃር የሚያጥበውን ብርጭቆ አስቀምጦ በእርጥብ እጁ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ጌች፣ በናትህ" አለኝ። "ከራስህ እንዳታመጣብኝ። ስረቅ!"