በቅሬው ቃሬዛ ስፖርት የሠራሁ ዕለት

ዛሬ ከተማችን መካነ ሰላም ላይ በቁሜ ተለቅሶልኛል። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ እኔ መቆሙም መቀመጡም ስላቃተኝ ተጋድሜ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ከአጎቴ ነው። ጋሼ ይመር ወታደር ነበሩ። ከግንባር ከተመለሱ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ፤ ከግቢያቸው አይወጡም። ሠርግ አይሄዱም። ቀብር እንኳ አይሄዱም!

እኛ አገር ቀብር የማይመጣ ሰው እንዴት እንደሚታማ ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ሲታሙ ስሰማ ያመኛል።

ታዲያ ቲክቶክ ላይ ፈረንጆች ለወታደሮቻቸው ክብር ብለው ከባድ ስፖርት ሲሠሩ አየሁ። ጆንያ ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ፤ ስለ አእምሮ ጤናም ያወራሉ። እኔም የሰፈሩ ኮች ነኝ አይደል? (ጂም የለኝም። አሮጌ ጎማና ፊሽካ አለኝ።) "ዳገቱን ለዘማቾቻችን!" ብዬ ፖስት አደረግሁ።

ጋሼን የክብር እንግዳ ይሁኑልን ብዬ ለመንኳቸው። "እኔን ለማክበር አንተን ምን አስሮጠህ?" ብለው በሩን ዘጉት።

እኔ መች ሰማሁ!

የመጨረሻው ዙር ቁስለኛ መሸከም ነበር። ለዚህ ቃሬዛ ያስፈልጋል። ቃሬዛ ያለው ማን ነው? ቅሬው፣ የቀብር እድራችን!

አዎ። የሰፈሩ ሰው ሲሞት የሚወጣበትን ቃሬዛ ተዋስኩ። የቅሬው ዳኛ ለምን እንደፈለግሁት ሲጠይቁኝ "ለጤና" አልኳቸው።

ጠዋት ቅንጬ በቅቤ እስክጠግብ በላሁና አሸዋ የሞላ ጆንያ ተሸክሜ፣ የሰፈሩን ልጆች አስከትዬ ከፊት ቀደምኩ። ዳገቱ ወገብ ላይ "በርቱ ጀግኖች!" ልል አፌን ስከፍት የወጣው ቅንጬው ነው። ከዚያ ሁለቱንም እግሮቼን ክራምፕ ጨመደዳቸው።

ተዘረርኩ።

ልጆቹ እየሳቁ ቃሬዛው ላይ ጫኑኝ፤ እውነተኛ ቁስለኛ ተገኘ። ጓደኛዬ አሊ ጋቢውን አለበሰኝና በገበያው መንገድ ይዘውኝ ወረዱ። ቀኑ ደግሞ ገበያ ነው፤ አገር ምድሩ መንገድ ላይ ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸኝ ሲል አፈርኩና ጋቢውን ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ።

በገዛ እጄ!

የቅሬው ቃሬዛ፣ የተሸፈነ ፊት። ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ሰው የያዘውን እህል መንገድ ዳር እያስቀመጠ መጣ። እኛ ዘንድ ቃሬዛ ሲያልፍ ትከሻ ሳይሰጡ መሄድ ነውር ነው፤ "ማን ነው?" የሚባለው እንኳ ከተሸከሙ በኋላ ነው። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪው ወረደ። ልጆቹ አልሞተም፣ ስፖርት ነው ቢሉ ሰሚ አጡ። ሐዘን እያናገራቸው ነው ተባለ።

ሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ ዘነቡ ሙሾ ጀመሩ። ሙያዬን ሊያነሱ ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አልመጣላቸውም። በመጨረሻ "ፊሽካ የሚነፋው" አሉ። እንግዲህ የዕድሜ ልኬ ሥራ ይኸው ነው።

ለምን አልተነሳህም ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናንተ ያን ሁሉ ሰው አስለቅሳችሁ "እንዴት ዋላችሁ" ብላችሁ ተነሱ!

በዚህ መሀል ጋሼ ይመር ደጅ ደረስን። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ፣ "ጭንቅላቱን ከፍ አድርጉት፣ ቀስ።" ከሰዉ መሀል ገብተው የፊቱን እንጨት ያዙ።

"አብሽር" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ደርሰናል። አልለቅህም።"

ለእኔ አልነበረም። እኔ መሆኔን መች አውቀው!

ጋቢውን ገለጥኩና፣ ጋሼ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ አልኳቸው። ቃሬዛው መሬት ወረደ። እሳቸውም አብረው ወርደው መንገዱ ላይ ተቀመጡ። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ጋቢውን መልሰው ደረቴ ላይ ደረቡልኝ።

"ያኛው አልተነሳም" አሉ።

ከዚያ ታሪኩን ነገሩን። ጓደኛቸው ሰጠኝ ይባላል። ቆስሎ ሲሸከሙት መንገድ ላይ እጃቸው ላይ ሞተ። ቦታውን ቶሎ ልቀቁ ስለተባሉ ሳይቀብሩት ሄዱ። ዘመዶቹን ፈልገው አላገኙም። እሱን ሳልቀብር የማንን ቀብር ልቁም እያሉ ነው እነዚህን ሁሉ ዓመታት ቤት የዋሉት። እኛ ደግሞ ኩራት ነው እንል ነበር።

ለእኔ ሊያለቅስ የመጣው ሰው አልተበተነም። ገበያው ቀረ። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለማያውቁት ለሰጠኝ ሙሾ አወረዱለት። ጋሼ ይመር ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለሰጠኝም፣ ለእግሬም።

የእሱ ሙሾ ከእኔው ረዘመ። አልቀናሁም። (ትንሽ ቀናሁ።)

የቅሬው ዳኛ መጥተው ቃሬዛቸውን ተቀበሉኝ። "ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምታገኘው" አሉኝ፣ "ያኔ ደግሞ መጠየቅ አይጠበቅብህም።"

አመሻሹ ላይ ጋሼ ይመር ኮታቸውን ለብሰው ቤቴ መጡ። ማዶ ሰፈር ለቅሶ አለ፣ ተነስ ደርሰን እንምጣ አሉኝ። እግሬ አይታጠፍም አልኳቸው። ትንሽ ጠበቁኝና ብቻቸውን ሄዱ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰፈሩ የሚያማው፣ ለቅሶ የማይደርሰው ሰው ማን ሊሆን ነው?