ሊቀ ነፋሳት ዘሸሕዲ

ደኅና የሚሄደውን ነገር ሁሉ «ቆይ፣ ላስተካክለው» የሚል ሰው ያልበቀለበት ከተማ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም። ለሸሕዲ የደረሳት አለበል ነው። ሰው ቢስክሌት ጠጋኝ ይለዋል፤ እኔ ግን አየርን ይገዛልና በቤተ ክህነት ወግ «ሊቀ ነፋሳት» ብዬ ሾሜዋለሁ።

ከእርሱ ጋር ያገናኘኝ ልጄ ሽመክት ነው። በሰሊጥ እርሻዎቹ መካከል ያለችው ቤተ ክርስቲያን ከእኔ ሌላ አስተማሪ የላትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ስወርድ ቢያየኝ ከሱዳን የተራራ ቢስክሌት አመጣልኝ። የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ሞላ የለውም፤ የመንገዱን ጉድጓድ ለእጅ የሚያለዝበው በውስጡ የታመቀ አየር ነው። አየሩ ከበዛ መሪው ክንድን ያንቀጠቅጣል፤ ካነሰ ሹካው እስከ ታች ሰምጦ ይላተማል።

ሊቀ ነፋሳት ልክ የሚያወጣው በማለዳ፣ ፀሐይ አየሩን ሳታሳብጠው ነው። ከነካባዬ፣ ከነመጽሐፌ፣ ከነመቋሚያዬ ያስቀምጠኛል። ስወርድ በሹካው ላይ ያለች ቀጭን የጎማ ቀለበት ተገፍታ ከደረሰችበት ትቀራለች፤ እርሱም ሹካው ሩቡን መስመጡን በጣቱ ይለካል።

«መሪጌታ፣ አይተንፍሱ።»

«እስከ መቼ?»

«አይቼ እስክጨርስ።»

አንድ ቀን የሰሊጥ ባለሀብቱ አቶ ባየልኝ ቢስክሌታቸውን ይዘው መጡና ሆዳቸውን ሰብስበው «ሰባ ኪሎ ነኝ» አሉ። ሹካው ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው አቀረቀረ። አለበል ቀለበቷን አየና «ዘጠና አምስት ነዎት፤ አየር አይዋሽም» አላቸው። ሦስት ወር ሰላምታ ነፈጉት። እርሱ ግን በልካቸው ሞልቶ ስለ ሸኛቸው ቅር አላለውም።

ለእኔ ደግሞ በሱቁ ግድግዳ ላይ በከሰል ሁለት ልክ ጽፎልኛል፦ «የጾም» እና «የፍስክ»። ሁዳዴ ሲገባ አየር ይቀንሳል፤ ለትንሣኤ ይጨምራል። ስለ ጾሜ የነፍስ አባቴ ያልጠየቁኝን እርሱ ይጠይቀኝ ጀመር።

በ2004 ዓ.ም. ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት በበዓለ ኃምሳ፣ የፍስኩን ልክ ሞልቶ አስቀመጠኝ። ቀለበቷ እምብዛም አልተነቃነቀችም። አየር አወጣ። ዳግመኛ አስቀመጠኝ፤ ዳግመኛ አወጣ። ከጾሙ ልክ በታች ወርዶ ቆመ።

«መሪጌታ፣ ሹካው ጾም አልፈታም።»

«መንፊያህ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«መንፊያዬ ደኅና ነው። የከሱት እርስዎ ነዎት። ያተኩስዎታል?»

ያተኩሰኝ ነበር። ለባለቤቴ ለሰርኬም አልነገርኋትም።

«የሁዳዴው ድካም ነው» አልሁት።

«አየር አይዋሽም። እርስዎም አይዋሹ።»

ይህን ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው ሁለቱንም ጎማዎቼን አስተነፈሰ። «ቢስክሌቱን የሚያገኙት የሐኪም ወረቀት ሲያመጡ ነው» አለኝ። ቅዳሜ የሚጠብቁኝን ተማሪዎች አነሣሁበት። «መምህራቸው በሕይወት ሲኖር አይደል የሚማሩት?» አለ። እየተቈጣሁ ሄድሁ።

ሐኪሙ ጣፊያዬን ዳሰሰ፤ ደሜንም አስመረመረ። ካላዛር ነበር፤ በምወርድበት እርሻ ከግራር ሥር ሳርፍ የአሸዋ ዝንብ ነክሳኝ የያዘኝ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ወር በጾም ባመካኝ ኖሮ መርፌውም ባልደረሰልኝ ነበር አለኝ። አሥራ ሰባት ቀን ተወጋሁ።

ሐምሌ ላይ ድኜ ወደ ሱቁ ተመለስሁ። ጎማዎቹን ነፍቶ፣ ሹካውንም በፍስኩ ልክ ሞልቶ ጠብቆኛል። ከነካባዬ፣ ከነመጽሐፌ፣ ከነመቋሚያዬ ተቀመጥሁ፤ ሹካው ሩቡን ሰመጠ፣ ጥቂትም አለፈ።

«እሜቴ ሰርኬ ቅቤ አብዝተዋል» አለ፣ መንፊያውን እያነሣ።

በጸሎት የማስበው ሰው ስለ ሆነ የክርስትና ስሙን ጠየቅሁት።

«ኋላ እነግርዎታለሁ» አለ፣ ወደ ቀለበቷ ጎንበስ ብሎ። «አሁን አይተንፍሱ።»

አልተነፈስሁም።