ሚዜ መራጩ ላፕቶፕ

በሉ ግቡ፣ ከሽንፈቴ ላይ ነው የደረሳችሁት። ይኸው ቀኝ እጄ እንደተጨበጠ ነው፤ የሚመታው አጥቶ።

በእኛ አገር ሰውን ፊት ለፊት «አልፈልግህም» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ዕጣ እናወጣለን። ዕጣ ይሉኝታ አይዘውም፣ አይታማም፣ አይደበደብም፤ የሰውን ኃጢአት ተሸክሞ ዝም ይላል። ዘንድሮ ታዲያ ዕጣውም ሠልጥኖ ኮምፒውተር ሆነላችሁ።

አብሮ አደጌ ደሳለኝ ሊያገባ ነው። እዚሁ ማርቆስ አንድ ባጃጅ በፈረቃ ስንነዳ ኖረን፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል የተሰናበትኩትን ትምህርት እሱ ገፍቶበት ቢሮ ገባ። አንደኛ ሚዜው እኔ መሆኔ ከልጅነታችን ጀምሮ የታወቀ ነው። ነበር። አሁን ግን የቢሮ ባልደረባው ናትናኤል፣ ያ ከረባቱ ቀድሞት የሚገባው፣ ለቦታው ታጨ።

«እሱም ወንድሜ፣ አንተም ወንድሜ፤ እኔ አላበላልጥም» አለ ደሳለኝ፣ ናትናኤል አጠገብ ተቀምጦ ላፕቶፑን እየከፈተ። «ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ። ኮምፒውተሩን ካሸነፍከው ሚዜነቱ ያንተ ነው።»

በእጅ ቢሆን በባጃጅ ተራው የሚረታኝ የለም። ወረቀት ያሰበ ሰው ትከሻው ይላላል፣ መቀስ ያሰበ ዓይኑን ያጠባል፤ የሰው ገላ ወሬኛ ነው። ይኼ ሳጥን ትከሻ ከየት ያምጣ? ባፈጥበት አያፍር፣ ብሰድበው አይቆጣ። የድንጋዩን ቁልፍ ነካሁ፤ በወረቀት ጠቀለለኝ። ወረቀት ነካሁ፤ በመቀስ ቆረጠኝ።

«ማርቆስን! ጣቴን እያየ ነው!» ብዬ ጋቢዬን ቁልፎቹ ላይ ጣል አደረግሁና ከሥር ተደብቄ ነካሁ። ምን እንደነካሁ እኔም አላየሁም። እሱ ግን አየ፤ ደገመኝ።

«በጋቢ የተሸፈነ ድንጋይ!» አለ ናትናኤል፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

ያንገበገበኝ እሱ አይደለም። ሳጥኑም ምን አለበት? ያንገበገበኝ ደሳለኝ ነው። ስሸነፍ፣ ጭነት እንደወረደላት በቅሎ በረጅሙ ተነፈሰ። ያኔ ገባኝ። አማቾቹ ሉማሜ ከተማ ላይ አዳራሽ ያስጌጡ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ባጃጅ ነጂ በሙሽራው ቀኝ ቆሞ ፎቶ ያበላሽባቸው? ይህን በአፉ ቢነግረኝ እኮ ተሳድቤ፣ ተኳርፌ፣ በማግሥቱ ድንኳን ልተክል እመጣ ነበር! ሃያ ዓመት ያወቀኝ ሰው፣ ምላስ እያለው፣ ብረት ላከብኝ።

ላፕቶፑን ጠረቀምኩትና ደሳለኝ ፊት ቆምኩ።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ባሸንፈውስ ኖሮ?»

ላፕቶፑን ስቦ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

«ወንድምዓለም፣ እስክትሸነፍ ድረስ ያጫውትህ ነበር።»