ተቀምጠው የመጡት ሽማግሌ

በእውነት ላይ ትንሽ ነገር መጨመር የዘንድሮ ፈጠራ ነው ሲሉኝ አላመንሁም። ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ቁሙና ዓሣ የሚሸጠውን ሰው ትናንት ያመለጠው ዓሣ ምን ያህል እንደ ነበር ጠይቁት። ሁለት እጁን ይዘረጋል፣ ይዘረጋል፣ ክንዱ ሲያልቅበት «ከዚህም ይበልጣል» ይላችኋል። ያለ ስልክ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ኔትዎርክ። ቤት አከራይስ ቢሆን «ፀጥ ያለ ግቢ ነው» ብሎ ስንቶቻችንን ከወፍጮ ቤት ጀርባ አስገብቶናል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ሩት «ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይባላል፤ ካሜራው በሚያየው እውነተኛ ነገር ላይ የሌለውን ጨምሮ ያሳያል» ስትለኝ፣ በሆዴ «ለዚህ ነው ያስተማርሁሽ?» አልሁ።

ከዚያ አሳየችኝ። ስልኳን ወደ ሳሎናችን ባዶ ጥግ ስታዞረው አንድ ቡናማ ሶፋ ጉብ አለ። ስልኩን ዝቅ ሳደርግ የለም፤ ከፍ ሳደርግ አለ። ባለቤቴ ሶፋው በሩን እንደሚዘጋ በዓይኗ አይታ፣ ሳንገዛው ተወችው። በትዳራችን ሳንጣላበት የቀረን የመጀመሪያው የቤት ዕቃ እሱ ነው። ጫማ ሳይገዙ እግር ላይ ያሳያል፤ ግድግዳ ያለ ሜትር ይለካል፤ የሕክምና ተማሪ ደግሞ ሬሳ ሳይነካ ልብና ሳንባ ያይበታል አለች ሩት። እኔ ደንግጬ ሶፋው በነበረበት በኩል ለሦስት ቀን ዞሬ አለፍሁ።

የባሰው ድንጋጤ የመጣው ግን በይበልጣል በኩል ነው። ይበልጣል የእኅቴ ልጅ ነው፤ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ብርቱካን የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች፤ የቀረው አባቷን አቶ አንለይን መጠየቅ ብቻ ነበር። «ብቻ» አልሁ እንዴ? አቶ አንለይ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፎርማንነት ጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን የተበጠሰ ክር ሲፈልጉ የፈጁ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ዛሬም ክር ይፈልጋል።

በመጀመሪያው ቀን እኔና ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ሽማግሌ ሆነን ብንሄድ፣ «ቢምረው ሳይመጣ ልጄን አልሰጥም፤ የማምነው የእሱን ቃል ነው» ብለው ከደጅ መለሱን። አያ ቢምረው የይበልጣል አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ከአቶ አንለይ ጋር በአንድ ፈረቃ ሠርተው፣ ኋላ መራዊ ገብተው በቆጋ መስኖ ውኃ ሽንኩርት ያለማሉ። ምን ያደርጋል፣ በዚያው ሰሞን ቦይ ሲሻገሩ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ፣ ወጌሻ ጠፍሮ አስሮ «ሁለት ወር ከቤት እንዳይወጡ» ብሏቸዋል። ጾሙ ሊገባ ነው። በዚያ ላይ ብርቱካንን ለሌላ ሰው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በሚቀጥለው እሑድ እንደሚመጡ ሰማን። ይበልጣል እህል አልቀምስም አለ።

መላውን ያመጣችው ሩት ናት። መራዊ ሄዳ አያ ቢምረውን በስልኳ ዙሪያቸውን ቀረፀቻቸው። እሷ የቤተ ሰቡን ወሬ ስትነግራቸው፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው «አዎ፣ አዎ» በሚል ዓይነት አንገታቸውን ዝቅ ከፍ ያደርጋሉ፤ ጢማቸውን ይዳብሳሉ፤ ደግሞ ዝቅ ከፍ ያደርጋሉ። ያንኑ ስልኩ አስቀረው። «አባዬ፣ ይሄ ምስል አይሰማም፣ አይናገርም፤ ያደረጉትን ብቻ እየደጋገመ ያሳያል» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ገብቶኛል አልኋት። ሰው «ገብቶኛል» ሲላችሁ አትመኑ።

እሑድ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሳይቀድሙን በጠዋቱ ከሐጂ ሰይድ ጋር ከአቶ አንለይ ሳሎን ገብተን ቆምን። መቼም ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ ባለቤቱ ተቀመጡ እስኪል ድረስ እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። አቶ አንለይ ቢምረውስ የት አለ ብለው ጠየቁ። እኔም ድምፄን ጎርነን አድርጌ «መጥተዋል» አልሁና ስልኩን አወጣሁ። ሐጂ ሰይድ ወለሉን ማየት ጀመሩ። ሩት እንዳሳየችኝ ካሜራውን ወደ አንድ ባዶ ወንበር አነጣጥሬ ተጫንሁና ስልኩን ለአቶ አንለይ ሰጠኋቸው።

አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ስልኩን ዝቅ አደረጉ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ከፍ አደረጉ፤ አያ ቢምረው ከነጋቢያቸው ተቀምጠዋል። ሦስት ጊዜ ዝቅ ከፍ አድርገው ወደ ኋላቸው እስከ ግድግዳው ድረስ ሄዱ። በሌለው ሰው መኖር የደነገጡ መስሎኝ ነበር።

«ምነው ተቀመጠ?» አሉ። «እናንተ ቆማችኋል። ጉዳዩ ሳይነገር እሱ በማን ፈቃድ ተቀመጠ?»

«እግራቸው ተሰብሮ ነው» አልሁ።

«እግሩ ከተሰበረ በምን መጣ?»

ሐጂ ሰይድ ደርሰው «ልባቸው ነው የመጣው» ባይሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አቶ አንለይም አስበው አስበው፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል አሉ።

ከዚያ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ጀመርን። በሽማግሌ አፍ ሙሽራ ሁሉ መልአክ ነው። የእኛም ይበልጣል ከሥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚል፣ ጉንዳን ረግጦ የማያውቅ ሆነ። አቶ አንለይ እኛን አላዩንም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወንበሩን እያዩ፣

«ቢምረው፣ ልጁ ይጠጣል?» አሉ።

እኔና ሐጂ በአንድ አፍ፣ ጠላ እንኳ ሸትቶት አያውቅም አልን። በትከሻቸው ላይ ተንጠራርቼ ሳይ፣ አያ ቢምረው አንገታቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉ። አዎ።

«ሲጠጣስ ነገር ይፈልጋል?»

አያ ቢምረው ጢማቸውን ዳበሱ። ሐጂ ሰይድ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ዳበሳው ረዘመብን። በመጨረሻ አንገታቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉ።

ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ እውነት ነው። አንድ ጊዜ ይበልጣል ሐይቁ ዳር ሞቅ ብሎት ከጉማሬ ጋር ካልተደባደብሁ ሲል ሦስት ሰው ነው ይዞ የመለሰው። ግን ይህን፣ መራዊ ተቀምጦ የተቀረፀ ምስል ከየት ሰማ?

«አቶ አንለይ፣ ስልኩ እኮ አይሰማም» አልሁ።

«እናንተስ ትሰማላችሁ?» አሉኝ፣ ከስልኩ በላይ አሻግረው እያዩን። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዩ የቆዩት ወንበሩን ይሁን የእኛን ፊት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደግሞ ወደ ወንበሩ ዞሩ። አሁን ድምፃቸው ዝግ አለ። «ብትታመም፣ ብትከፋ፣ ልጄን አይጥላትም?»

እኔ ስልክ መሆኑን ረስቼ ባዶውን ወንበር ነበር የማየው። አቶ አንለይ ዓይናቸውን ከስልኩ አልነቀሉም። ጢም እየተዳበሰ ነው ማለት ነው። ከዚያ እሳቸውም አብረው አንገታቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

«ለሁለት ልጆቼ ሽማግሌ ተቀብያለሁ» አሉ። «ነውር ያለበት ሙሽራ መጥቶልኝ አያውቅም። ነውሩ የመጣው ሁሉ ከሠርጉ በኋላ ነው። ዛሬ ክፉውን ያልሸሸገኝ ሰው አገኘሁ፤ ስለ ደጉ ያለውንም አምነዋለሁ። ልጁ መጥቶ መጠጡን እንደሚተው እኔው ፊት ይማል። አሁን ተቀመጡ።»

ተቀመጡ ከተባለ ልጅ ተሰጠ ማለት ነው። ሐጂ ሰይድ ቸኩለው በዚያ ወንበር ላይ ሊያርፉ ሲሉ በጋቢያቸው ጎትቼ ከአያ ቢምረው ጭን አተረፍኋቸው። በዚያ ሳሎን የነበርነው ሁለታችን ዋሸን፤ ያልነበሩት እውነቱን ተናገሩ። ቴክኖሎጂ በእውነት ላይ ይጨምራል የተባለው ይህ ከሆነ፣ ወገኖቼ፣ ሽማግሌ ሁሉ ሥራ ሊፈታ ነው።

በማግሥቱ በሚኒባስ መራዊ ወርጄ የሆነውን ሁሉ ለአያ ቢምረው ነገርኋቸው። የታሰረ እግራቸውን ዘርግተው አዳመጡኝ።

«እኔ ይጠጣል አልሁ?»

«አዎ፣ ብለዋል።»

«ነገርም ይፈልጋል አልሁ?»

«እሱንም ብለዋል።»

ጢማቸውን ዳበሱ። አንገታቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉ። ልክ እንደ ስልኩ ናቸው፤ ደንግጬ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብሁ።

«እውነቴን ነው» አሉ። «እንኳን እግሬ ተሰበረ። ብመጣ ኖሮ እንደ እናንተው እዋሽ ነበር።»